የወረቀቱ ጀርባ

"ሙላቴ! ና እስኪ ወዲህ! ይኼ የለጠፍኸው ወረቀት ጀርባ አለው እንዴ?"

የሚጣራው ሸሪፍ ነው። ከሱቁ በር ላይ ቆሞ አንድ እርጥብ ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያወዛውዛል። ሌሊቱን ከጉና በኩል የመጣው ዝናብ የሱቁን ግድግዳ አጥቦ፣ ሙላቴ ከሦስት ሳምንት በፊት አራት ማዕዘኑን በዱቄት ሙጫ ያጣበቀውን የቀበሌ ማስታወቂያ ልጦ ጥሎታል።

"ጀርባ የሌለው ወረቀት የት አለ?" አለ ሙላቴ እየሳቀ።

"የዚህኛው ጀርባ ግን ጽሑፍ አለበት።"

የሙላቴ ሳቅ እንደተጀመረ ቀረ።

ሙላቴን በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በአዘቦት ቀን የቀበሌው ተላላኪ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለፋፊ ነው። ገበያው መካከል ካለችው ጥቁር ድንጋይ ላይ ወጥቶ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ሲል ከእህል ተራ እስከ በግ ተራ ጸጥ ይላል። የለፈፈውን ሁሉ "ተብላችኋል!" ብሎ ይዘጋዋል። አንዱ ደፋር "ማን አለ?" ብሎ ቢጠይቀው "ከበላይ ነዋ!" ይላል፤ በዚያው ያበቃል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ንጉሡ ከወረዱ ሰባት ዓመት ቢያልፋቸውም ተረቱ ገና አልወረደም ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ኩራት ተጨምሮበታል። በአርባ አምስት ዓመቱ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ማንበብ ተምሯል፤ የምስክር ወረቀቱንም ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ድሮ የቀበሌው ጸሓፊ ያነብለትና እርሱ በቃሉ ይዞ ይጮህ ነበር። ያንን ማስታወቂያ ግን "እኔው አነበዋለሁ፣ ስጡኝ" ብሎ ተቀበለ። በጣቱ እየተከተለ፣ ላቡን እየጠረገ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ወረደ። ሲጨርስ እንደ አራሽ እፎይ አለና ሙጫውን አነሣ። ገልበጥ አድርጎ ማየት የሚባል ነገር በአእምሮው አላለፈም።

አሁን ሙላቴ ከሸሪፍ ሱቅ በር ላይ ተንበርክኮ፣ ወረቀቱን በጉልበቱ ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። የፊቱን ገጽ ያውቀዋል፤ "ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ልጆች ሰብስቦ በቤቱ ትምህርት ቤት መክፈት አይችልም" ይላል። ያን ዕለት ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ያ ሁሉ ቃል በአንድ ትንፋሽ አልወጣ አለው። ለፋፊ ደግሞ ማሳጠር ልማዱ ነው። "ልጅን በቤት ማስተማር ክልክል ነው ተብላችኋል!" ብሎ ተገላገለ።

ጀርባው እንዲህ ይል ነበር፤ "ነገር ግን በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ትምህርት ቤት መድረስ ያልቻለን ልጅ ወላጁ በቤቱ ቢያስተምር አልተከለከለም። እንዲህ ያለው ልጅ እስከ ሚያዝያ ፲፰ ቀን በትምህርት ቤቱ ቀርቦ ከተመዘገበ ተፈትኖ በችሎታው ክፍል ይመደባል።"

"ዛሬ ስንት ነው?" አለ ሙላቴ ከተንበረከከበት ሳይነሣ።

"ዐሥራ ስድስት።"

"እንግዲያ ሰኞ ያልቃል በለኛ።"

"ሰኞ ያልቃል" አለ ሸሪፍ፤ የጓደኛው ፊት ሲገረጣ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምነው? ምን ሆንህ?"

"ወይኔ ፈንታነሽ!" አለ ሙላቴ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። የሙላቴ ቃል ሐሙሲት ሲደርስ "ልጁን ፊደል ያስቆጠረ ሦስት ዓመት ይታሰራል" ሆኖ ነበር አሉ። አንድ የኔታ ተማሪዎቻቸውን በትነው ገዳም ገቡ ተባለ። ጉና ሥር ያለ አንድ ገበሬ ደግሞ ልጁ ፊት በጎቹን መቁጠር ትቶ፣ ሁለቱ ጠፍተውበት እንኳ ሳያውቅ ሰነበተ። ሙላቴ ይህን ሲሰማ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቋል።

ፈንታነሽ በአጥር የምትለየው ጎረቤቱ ናት። ባሏ አለሙ በሚሊሺያ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። የሄደ ዕለት የጭነት መኪናው ላይ ሆኖ በሰው ራስ ላይ "ሙላቴ፣ ልጄን አደራ!" ብሎ ሲጮህ፣ "በኔ ይሁንብህ!" ብሎ የመለሰለት ይኸው ሰው ነው። ልጅቱ ዓለሚቱ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በአራት ዓመቷ ያደረባት በሽታ እግሮቿን አልምሾ አስቀርቷታል። እናትየው ሳታገባ አምስተኛ ክፍል ደርሳ ነበርና፣ ቀን እየፈተለች የምታውቀውን ሁሉ አስተማረቻት። የማታውቀውንም ከተውሶ መጽሐፍ አብራ ተማረች። ሙላቴ በአጥሩ በኩል የልጅቱን የንባብ ድምፅ እየሰማ ነበር ጫማውን የሚያደርገው።

ያን ቅዳሜ ከድንጋዩ እንደወረደ ቤቱ እንኳ ሳይገባ ወደ እነርሱ ሮጠ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፈርቶላቸው ነው።

"ፈንታነሽ፣ ደብተሩን ሁሉ አጥፊው። ፍተሻ ቢመጣ እኔም አላድንሽም።"

"እናት ልጇን ብታስተምር ምኑ ላይ ነው ወንጀሉ፣ አያ ሙላቴ?"

"ከበላይ ነው እኮ ነው የምልሽ!"

ሰባት ደብተር ነበር። ፈንታነሽ አንድ በአንድ እሳት ውስጥ ጨመረችው። ዓለሚቱ አላለቀሰችም፤ እሳቱ ገጹን ሲገልጠው፣ ጠቁሮ እስኪጠፋ ድረስ በከንፈሯ ታነበው ነበር። አንዱ ደብተር ከምድጃው ሾልኮ ወጣ። በእንጨት ገፋ አድርጎ የመለሰው ሙላቴ ነው። ፈንታነሽ አይደለችም፤ እርሱ ነው።

ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲደርስ ፈንታነሽ ለገበያ የሚወጣውን ፈትል በቅርጫት ትደረድራለች። ዓለሚቱ ከመደቡ ላይ ጥጥ ታፍታታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙላቴ ሲገባ ቀና ብላ አታየውም።

ቆሞ አነበበላቸው። ቃሉ እየተደናቀፈበት ሁለት ጊዜ አነበበላቸው።

ፈንታነሽ የያዘችውን ፈትል ቅርጫቱ ላይ አስቀመጠች። "እና አልተከለከለም ነበር" አለች በመጨረሻ።

"አልተከለከለም ነበር።"

"ደብተሩንም ያቃጠልሁት እንዲሁ በከንቱ ነው።"

"አፈር በበላሁ! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። በይ ተነሺ፣ ሰኞ ሳያልፍ እናስመዝግባት፤ እኔው እወስዳታለሁ።"

"አልነሣም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አያ ሙላቴ፣ ያን ጊዜ የተናገሩት በድንጋይ ላይ ቆመው ነው። አገር ሁሉ ሰምቷል። የዛሬውን ግን እኔ ጓዳ መጥተው በጆሮዬ ይነግሩኛል። ነገ አንዱ ተነሥቶ 'ይቺ አዋጅ ጥሳ ስታስተምር ከርማለች' ቢለኝ ማን ይመሰክርልኛል? አባቷ የለም። እኔ ብታሰር ይህችን ልጅ ማን ያነሣታል፣ ማን ያስቀምጣታል? በአደባባይ የተከለከለ በጓዳ አይፈቀድም።"

"ወረቀቱ ይኸው አይደለም?"

"ያን ጊዜም ወረቀት ነበር።"

ይህን ብላ ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች። ሙላቴ ወደ ልጅቱ ዞረ። ዓለሚቱ ጥጡን ማፍታታቷን አላቆመችም።

ሙላቴ ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘውዱ ወረቀቱን ግራና ቀኝ አገላብጦ አየና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?"

"ዛሬ ገበያ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልውጣና ላስተካክለው።"

"ቀበሌው ተሳስቷል ልትል?"

"ቀበሌው አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።"

"አንተ ማን ነህ? አንተ ስትጮህ እኮ ቀበሌው ነው የሚጮኸው! ዛሬ 'ተሳስቻለሁ' ብለህ ነገ ለእህል ኮታ ብትለፍፍ ገበሬው 'ቆይ፣ ጀርባውን እንየው' ይልሃል። ይኼ ጨዋታ አይደለም።" ዘውዱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ ፈሪ ያደርግ ነበር። ለስለስ አለና "ስማኝ ሙላቴ፣ ሰኞ ያልፋል። ሌላ ዓመት ሌላ ምዝገባ ይመጣል። አንዲት ልጅ አንድ ዓመት ብትቆይ ምን ትሆናለች? አንተ ግን ልጆች ታሳድጋለህ፤ እንጀራህን አስብ" አለው።

ሙላቴ ወረቀቱን አንሥቶ ደረቱ ውስጥ ሸጎጠና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እስከ ገበያው በር ድረስ ምክሩ ጥሩ መስሎት ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል? ሌላ ዓመት የሚለው ቃል እንደ ጋቢ ሞቀው። ደግሞ አንዲት ልጅ ናት፤ ደግሞ ሰው ሁሉ ረስቶታል እያለ ራሱን ሲያባብል እህል ተራ ደረሰ። እዚያ አንዲት ድንች ሻጭ የአምስት ዓመት ልጇን ቆጣ ስትል ሰማት። ልጁ ድንቹን በመደብ በመደብ እየለየ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይል ነበር።

"ዝም በል! እንዳታሳስረኝ!" አለችው እናቱ፤ በእጇም አፉን ያዘችው።

ሙላቴ እዚያው ደርቆ ቀረ። ያንን አፍ የያዘው የእርሱ እጅ መስሎ ተሰማው። አለሙ ከመኪናው ላይ ሲጮህ የነበረው ድምፅ መጣበት፤ "በኔ ይሁንብህ" ያለው የገዛ ድምፁም መጣበት። አፈረ። እንዲህ አድርጎ አፍሮ አያውቅም።

ድንጋዩ ላይ ወጣ።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ!"

ገበያው ጸጥ አለ። ወረቀቱን ከደረቱ አወጣ፤ በሁለት እጁ ያዘው። የፊቱን አነበበ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያይ ከፍ አድርጎ ገለበጠውና ጀርባውን አነበበ፤ ምንም አላሳጠረም፤ ትንፋሽ ሲያጥረው እየቆመ፣ ፊደል ሲጠፋው እየተመለሰ አነበበ። አንዳንዱ ሳቀበት። "ልጁን በቤቱ ማስተማር የተከለከለ ማንም የለም! የታመመ ልጅ ያለው ሰኞ ያስመዝግብ!" አለ በመጨረሻ።

ከበግ ተራ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ "ደግሞ ይኼን ማን አለ?" ብሎ ጮኸ።

"ከበላይ ነዋ" የሚለው ቃል በልማድ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው።

"ይኼን ወረቀቱ አለ" አለ። "የፊተኛውን ግን ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልሁት። ወረቀቱን ሳልገለብጥ ለጥፌ፣ ቃሉን ቆርጬ የለፈፍሁ እኔ ሙላቴ ነኝ። ይቅር በሉኝ።"

ለፋፊ የገዛ ስሙን ሲጠራ ሰምተው አያውቁም። ገበያው ተንጫጫ። "አፍህ ይዘጋ!" ያለው አለ፤ "ሁለት በጌን ክፈለኝ!" ያለም አለ። ድንች ሻጯ "ልጄን በከንቱ አስደበደብኸኝ እኮ፣ አንተ የተረገምህ!" አለችው። ሁሉንም ቆሞ ሰማ። በጥጥ ተራ በኩል ፈንታነሽን አያት። ፈትሏን ሰብስባ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችና፣ ወደ እርሱ ሳትመለከት የቤቷን መንገድ ያዘች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓድ ዘውዱ አስጠርቶ የቀበሌውን ቁልፍ ተቀበለው። ሙላቴ ሳይከራከር አስረከበ።

ሰኞ ጠዋት ፈንታነሽ በሯን ስትከፍት ሙላቴን ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው። ልጅቱ ታጥባ፣ ነጠላ ለብሳ፣ ተዘጋጅታ ነበርና እናትየው አቅፋ ጀርባው ላይ አደረገቻት። እርሷም ከኋላ ተከተለች።

ዳገቱን እኩሌታ እስኪወጡ ዓለሚቱ እጆቿን ትከሻው ላይ ብቻ አሳርፋ ነበር፤ አንገቱን አልያዘችም።

"ጋሼ" አለች በኋላ።

"አቤት ልጄ።"

"ስትማሪበት የከረምሽውን ደብተር አምጪ ቢሉኝስ ምን እላለሁ?"

ሙላቴ ቆመ። ፈንታነሽም ከኋላው ቆመች። ጠፋብኝ በይ፣ ዝናብ በላው በይ ሊላት ይችል ነበር፤ መልሱ ብዙ ነበር።

"ሙላቴ አስቃጠለኝ በያቸው" አለ።

"ስምዎን ልናገር?"

"ከነአባቴ። ሙላቴ ይርጋ በያቸው።"

ልጅቱ ቃሉን እንደምትጽፈው ሁሉ በከንፈሯ ደገመችው። ቁልቁል እንዳትንሸራተትም ሁለት እጇን አንገቱ ላይ ቆለፈች። ሙላቴ ከፍ አድርጎ አዘላትና ዳገቱን ቀጠለ።