የእህቴ ሴሎች ጩኸት

የቤተ ሙከራችንን አለቃ ከጀርባቸው «ዶክተር ጮቤ» እንላቸዋለን፤ ውጤቱ ሳይነበብ ጮቤ ስለሚረግጡ። ባለፈው ወር ጮቤ ያስረገጣቸው የታላቅ እህቴ፣ የእቴቴ፣ የካንሰር ዕጢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴል ዲኤንኤ ቦታው የሴሉ እምብርት፣ ኒውክለሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሲንከራተት ከተገኘ፣ አንድ ዘበኛ ፕሮቲን አለ፣ «ኡኡ!» ይላል። ኡኡታውን ሰምተው የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይደርሳሉ። ካንሰር ደግሞ ዝርክርክ ነው፣ ዲኤንኤውን በየቦታው ያንጠባጥባል፤ ብልጡ ካንሰር ግን ዘበኛውን ዝም ያሰኘዋል። እኛ የምንሠራበት አዲስ ሕክምና የመከላከያ ሴሎችን ፍሬን ይለቃል። ጠሪ ከሌለ ግን ፍሬኑ ቢለቀቅ ወዴት ይሄዳሉ? ስለዚህ ጥናቱ የሚቀበለው ዕጢው በራሱ የሚጮኽለትን ታካሚ ብቻ ነው። ለመግባት ደግሞ የቆየውን የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞውን፣ ማቆም ግድ ነው።

የእቴቴ ኬሞ ዕጢውን በጥቂቱ እያሳነሰው ነበር። እሷንም አብሮ እየጨረሳት ነበር እንጂ፤ ሲያስመልሳት ነው የሚውለው።

የዕጢዋን ናሙና የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጮኸ። ምን መጮኽ ብቻ፣ አገር ይያዝልኝ አለ! ዶክተር ጮቤ ወዲያው ስብሰባ ላይ የሚያሳዩትን ስላይድ አዘጋጁ፤ እቴቴም ኬሞዋን በእልልታ ተሰናበተች።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለማነጻጸሪያ ጎን ያስቀመጥኳቸው ጤነኛ የቆዳ ሴሎችም ይጮኻሉ። ጤነኛ ምን አግኝቶት? ለዶክተር ብነግራቸው፣ «ንቁ ሴሎች ናቸዋ!» አሉኝ።

እስቲ ልናዘዝ። በየወሩ ሴሎቹ አለመበከላቸውን መርምሬ ቅጽ ላይ መፈረም የእኔ ሥራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሳልመረምር ፈርሜያለሁ። «የእኔ እጅ ንጹሕ ነው» ብዬ፤ ኩራቴን እዩልኝ! አሁን ስመረምር፣ ሴሎቹን የምናሳድግበት ማሞቂያ ውስጥ ያለው ሳህን ሁሉ በማይክሮስኮፕ እንኳ በቀላሉ በማይታይ ደቃቃ ባክቴሪያ ተወሯል። ዘበኞቹ የጮኹት በባክቴሪያው ዲኤንኤ ነው፤ ካንሰሩን ከነመፈጠሩም አያውቁትም። በመጀመሪያው ቀን በረዶ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ንጹሕ ናሙና አውጥቼ ባሳድገው፣ ጭጭ። አዲሱ መድኃኒት ለእቴቴ አይሠራም ማለት ነው። ባዳ ሲመጣ አገር የሚያምስ፣ የቤት ሌባ ሲያይ የሚያንቀላፋ፤ አቤት ዘበኛ!

«የሐሙሱ ስብሰባ ይለፍና እናየዋለን» አሉ ዶክተር፣ ይህን ስነግራቸው።

«እህቴ መድኃኒቱን የምትጀምረው ረቡዕ ነው እኮ!»

«እንግዲህ...» አሉ፣ ስላይዳቸውን እያዩ። እንግዲህ! እህታቸው አይደለች።

ማክሰኞ እቴቴ ቤት ሄድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምግብ ተስማምቷት ሾርባ ትጠጣለች። ፊቷ ወዝ አውጥቷል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳልመረምር መፈረሜንም።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሦስት ወር ሙሉ?»

«ሦስት ወር።»

«እግዜር ይይልሽ!»

እሷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ዝም ብትይ ኖሮ ደስ ብሎኝ እሞት ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እቴቴ።»

ሾርባውን ገፋ አደረገችው። «በይ ሐኪሜ ጋ ደውዪ። ኬሞውን ነገውኑ ይጀምሩልኝ በያቸው። ከዚያ ከዓይኔ ጥፊ።»

ስልኬን ይዤ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ነገ ደግሞ በጊዜ ነይ። ሲያስመልሰኝ ባልዲውን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»