የትኛው መብራት ነው የበራው?

እህቷ በጠዋት ደውላ የጠየቀቻት ነገር ሥራ ከገባች በኋላም አልለቅ አላት። «በሞቴ ፈተናው ላይ ጣይልኝ፤» ነበር ያለቻት። «ዛሬ ከወደቀ መብረሩን ትቶ ቤት ይቀመጥልኛል። ሰማይ ሰማይ እያየሁ መኖር ሰለቸኝ።» ጉድ እኮ ነው! የገዛ ባሏን!

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂኝ፤» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሥራዋ አብራሪዎችን ማሽከርከር ነው። በረጅም የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ጠባብ ክፍል አለች፤ አብራሪው እሷ ውስጥ ይታሰርና ክንዱ ክቡን አዳራሽ ይዞረዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር የሰውየው ክብደት እጥፍ እጥፉን ይሆናል፤ ደሙም ጭንቅላቱን ጥሎ ወደ እግሩ ይሸሻል። መጀመሪያ ዓይን ይጨልማል፣ ከዚያ ሰውየው ራሱን ይስታል። ሰማይ ላይ ራሱን የሳተማ አይነሳ! እርግጥ እግርና ሆድን ጨምቆ ደሙን የሚመልስ፣ በአየር የሚነፋ ሱሪ አለ። ሆድን ወጥሮ መተንፈስም አለ። ይህን ስታስተምር ስንት ዓመቷ! ወገቧ አልቋል፣ ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ለዚያውም አመስጋኝ የላት።

የእህቷ ባል ከታመመ ወዲህ ሲፈተን የመጀመሪያው ነው። ካለፈ ይበራል፣ ከወደቀ አከተመ፤ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። ሱሪውን እሷው አጠበቀችለት።

«ጋሼ፣ ሆድህን ወጥር እሺ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ልታስተምሪ ነው?» ብሎ ሳቀ። የሱሪውን ማሰሪያ ግን ራሱ ደግሞ ፈተሸው።

ማይክሮፎኑ ፊት ስትቀመጥ ለእሱም እንደማንኛውም አብራሪ «እርስዎ» ነው የምትለው። ሐኪሙ ከጎኗ የልብ ምቱን ያያል። ክንዱ መዞር ጀመረ።

«አሉ?»

«አለሁ።»

ፍጥነቱን ጨመረች። «አሉ?»

«አለሁ!»

በስክሪኑ ላይ ጉንጮቹ ቁልቁል ተጎትተዋል፤ ዓይኖቹ ፈጠው አንድ ቦታ ቀርተዋል። ፈራች። አብራሪዎች ዓይናቸው ከጨለመም በኋላ በልማድ «አለሁ» ማለት እንደማይተዉ ታውቃለች። ከፊቱ በግራና በቀኝ መብራት አለ። ሁለቱንም አጠፋችና ጠየቀችው።

«የትኛው መብራት ነው የበራው?»

«የግራው፤» አለ።

«በቃ፤» አለ ሐኪሙ፣ አንገቱን ደፍቶ። ማቆሚያውን ተጫነች።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ሱሪውን እንኳ ሳያወልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«ሁለቱም ጠፍተው ነበር፣ አይደል?»

«ጠፍተው ነበር፣ ጋሼ።»

«ድፍን ጨለማ ነበር፤ በግምት ነው የመለስኩት።» ቀና ብሎ አላያትም። «ለእህትሽ እንዳትነግሪያት። ያለጊዜው አቆመችብኝ እላታለሁ፤ አንቺም እሺ በይልኝ። እሷ ፊት አቃተኝ ብዬ መቆም አልችልም።»

አንጀቷን በላት። ተናደደችም። ይሄ ቤተሰብ ሸክሙን የሚያራግፈው ሁሌ እኔ ላይ ነው እንዴ? ግን ለመከራከር አቅም አልነበራትም። «እሺ፤» አለችው።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ደወለች።

«አንቺ ነሽ ያቆምሽበት አለኝ። እውነት ነው?»

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

ምስጋና ነበር የጠበቀችው። እህቷ ግን ወቀሰቻት።

«ከነጫማው አልጋ ላይ ተጋድሞ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ላናግረው ብል አይመልስልኝም። እኔስ መሮኝ ያልኩትን ልበል፤ አንቺ እንዴት አስቻለሽ? እንዴት እንዲህ ጨከንሽበት?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ከመስታወቱ ወዲያ ቀጣዩ አብራሪ ሱሪውን ታጥቆ ይጠብቃታል።

«ጨከንኩ፣ እትዬ፤» አለች። «ይቅር በይኝ።»