ያልተሰበረ ሩዝ

አንድም ነቀዝ የለበትም፣ ሻጋታም የለበትም፣ ብስብስ ቢሆንማ ክንዴን እስከ ክርኔ ስከተው ይሞቀኝ ነበር፣ ይሄ ቀዝቃዛ ነው፣ ደረቅ ነው፣ በጣቶቼ መሀል ሹልክ ይላል፣ ጆንያው ላይ ግን በቀይ ቀለም ለሰው ምግብ የማይሆን ተብሎ ተጽፎበታል፣ ወደ እኛ ጋን የሚገባው ለሰው የማይሆነው ብቻ ነው፣ ይፈጫል፣ እርሾ ይገባበታል፣ ይብላላል፣ አልኮል ሆኖ ቤንዚን ውስጥ ይደባለቃል፣ ደንቡ እንዲያ ነው፣ አይሆንም ብላ በአፏ የምትናገረው ደግሞ የፋብሪካው ኬሚስት ናት። እኔ።

ልጄ ቱሊካ ዛሬ ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች፣ ባዶዋን አልሸኛትም፣ ሩዝና እርድ በሳሪዋ ጫፍ ልቋጥርላት ነው፣ ከሩዙ አንዲት ፍሬ ተሰብራ ከተገኘች ለትዳሯ ደግ አይደለም ይባላል፣ ኬሚስት ነኝ፣ አላምንበትም፣ ግን ከንጋት ጀምሮ ትሪ ላይ አጎንብሼ ስለቅም ነበር፣ ከገበያ የገዛሁት ግማሹ ስብርባሪ፣ እማ በቃ ተይው አለችኝ ቱሊካ፣ አማቴ እንደሆነች መነጽሯን ጥላዋለች፣ አታየውም፣ ሳቅን፣ ደህና ሩዝ እኮ ከገበያ ጠፋ አልኳት፣ የት እንደገባ አልነገርኳትም፣ አንድ እፍኝ እንኳ አልሞላልኝ።

እዚህ አንድ መኪና ሙሉ።

ማኔጀሩ ትሪፓቲ ከኋላዬ ቆሞ ፓን የሚሉትን ቅጠሉን ያኝካል፣ ኩሙድ ምን ትጠብቂያለሽ፣ የመንግሥት መጋዘን ራሱ ተበላሽቷል ብሎ የላከውን አንቺ ልታድኚው ነው፣ እንደ ባለፈው በዪና እንገላገል፣ በቆሎ ተወዷል፣ ጋኖቹ ባዷቸውን ናቸው፣ ፋብሪካው ከቆመ ማን ማን እቤቱ እንደሚውል ታውቂያለሽ፣ አውቃለሁ፣ እኔም አለሁበት፣ ሥራውስ ቢሆን ምኑ ክፉ ነው፣ ገበሬው በቆሎውን ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በኛ ነው፣ የኔም ስኩተር የሚሄደው በዚሁ ነው፣ ብስብስ ነው ማለት ምን ይከብዳል፣ ሁለት ቃል።

ናሙና። እሺ፣ ናሙና ልውሰድ፣ እፍኜን ሞልቼ አነሳለሁ፣ የናሙናው ቆርቆሮ በቀኝ ጎኔ ተቀምጧል፣ ሁልጊዜም በቀኝ ጎኔ ነው፣ ግራ እጄ ግን የሳሪዬን ጫፍ ይዘረጋል፣ ቀኝ እጄ እዚያ ይገለብጠዋል፣ ጠዋት ሲለቅም ያረፈደ እጅ።

ሹፌሩ ሱዴሽ መኪናው ላይ ሆኖ ያየኛል፣ እንደ ታላቅ እህቱ ዲዲ ነው የሚለኝ፣ ዲዲ እርስዎም ወደ ባል ቤት ሊሄዱ ነው እንዴ፣ ምነው ሳይነግሩን፣ ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ፣ ትሪፓቲም ይስቃል፣ አራግፊው እንጂ ኩሙድ።

አላራግፈውም። ሳሪ ጫፍ ላይ የተደረገ ሩዝ መሬት አይራገፍም፣ ሱዴሽ ያውቃል፣ ትሪፓቲም ያውቃል፣ እናቱ እህቶቹን የሸኘችው እንዲሁ ነው፣ ሳቁ ቀስ እያለ ይበርዳል፣ ሩዙ ሆዴ ላይ ይከብደኛል፣ ነጭ፣ ረጅም፣ ሙሉ፣ ይሄ እኮ የቱሊካ ሆነ፣ አሁን ብስብስ ነው ብል ማንን ነው የምረግመው፣ አላምንበትም፣ ኬሚስት ነኝ፣ አላምንበትም፣ በዪዋ ይላል ትሪፓቲ፣ አሁን አይስቅም፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ደሞዜ፣ ባዶዎቹ ጋኖች፣ የልጄ ጣቶች ትሪው ላይ፣ ሙሉ ነው፣ የማን ድምፅ ነው እንዲህ የቀጠነው፣ ሩዙ ሙሉ ነው አቶ ትሪፓቲ፣ ይበላል፣ ጫፉን እቋጥራለሁ፣ ፈትቼ እንደገና አጥብቄ እቋጥራለሁ