ያልጠየቅሁት ፊርማ

ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እሰፋለሁ። ወረቀቱን አስተካክዬ በወስፌ እበሳለሁ፣ በክር አስራለሁ፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የእጅ ጽሑፌ ንጹሕ ስለሆነ ቀጠሩኝ። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ እወደዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ሌላ ናት። በልጅነቷ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ እኔ ካልዳኘሁ ስለምትል እናታችን «ዳኛዬ» ትላታለች። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች የወንጀል ፍትሕ ካልተማርኩ አለች። በአመክሮ የተፈቱ ሰዎችን የሚከታተል ባለሙያ መሆን ነበር ሐሳቧ። ለእኛ ቤት ያ ሥራ ማለት ጠረጴዛ፣ የማይቋረጥ ደመወዝና እናታችን ሌት ተቀን የምታነሳው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር።

አንድ እሑድ የሦስት ትምህርት ቤቶችን ወረቀት አልጋው ላይ ዘረጋችው።

«የዚህኛው ሕንፃ ያምራል» አልኳት።

«ሕንፃውን ላገባው ነው እንዴ? ክፍያውን እየው። የአንድ ወሩ የሁለት ወር ኪራያችን ነው።»

«ይኼስ? ርካሽ ነው።»

«ሄጄ ጠየቅሁ። እውቅናው ገና በሂደት ላይ ነው አሉኝ። እኔ ተመርቄ እሱ በሂደት ላይ ሊሆን?»

ሦስተኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታ ትምህርት ነበር። እውቅና አለው፤ ለፍርድ ቤት ሠራተኛ ቤተሰብ ደግሞ በግማሽ ክፍያ ነው። የሚፈለገው የኃላፊ ፊርማ ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ እስከ ዓርብ።

«በግማሽ ከሆነ ቀን እየሠራሁ እወጣዋለሁ። በሙሉ ግን አይሞከርም» አለች። «እንግዲህ ወንድሜ፣ ነገሩ ያንተ እጅ ላይ ነው።»

«ችግር የለም» አልኩ።

ደብዳቤውን ራሴ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድም ስሕተት የለውም። ሰኞ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ በር ላይ ቆምኩ፤ እንግዳ ነበረባቸው። ማክሰኞ ብቻቸውን ነበሩ፤ ላንኳኳ እጄን አንስቼ ተመለስኩ። ረቡዕ ገባሁ።

«ምነው?» አሉኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«ክር አልቆብኝ ነው» አልኩ።

ክር ሰጡኝ። መሳቢያዬ ሙሉ ክር ነበር።

ሐሙስም ገብቼ ክር ጠየቅሁ። «ትበላዋለህ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ዓርብ ስብሰባ ሄደው ዋሉ።

ቤት ስገባ እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ፈረሙልህ?»

«እምቢ አሉ።»

«ምን ብለው?»

«ቤተሰብህን አላውቅም ብለው።»

አላለቀሰችም። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ፍራሹ ሥር ከተተቻቸው። ከሁለት ወር በኋላ የእኛው ፍርድ ቤት በር ላይ ቦርሳ ፈታሽ ሆና ተቀጠረች።

ዓመት አለፈ። የሌላውን ሠራተኛ ቦርሳ በዓይኗ ነው የምታሳልፈው። ከኃላፊው ቦርሳ ግን የመነጽር ማኅደር፣ መድኃኒት፣ ምሳ ዕቃ አንድ በአንድ ታወጣለች። እኔ እያየሁ አልፋለሁ።

አንድ ጠዋት ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር።

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሏት። «የእኔን ምሳ ዕቃ ብቻ ክዳኑን ሳይቀር ትከፍቻለሽ።»

«እርስዎ ያውቁታል።»

«በጭራሽ አላውቀውም።»

«ወንድሜን ልኬ ለትምህርቴ ግማሽ ክፍያ አንዲት ፊርማ ለመንኩዎት። ቤተሰብህን አላውቅም ብለው መለሱት።»

«ማነው ወንድምሽ?»

በአገጯ አሳየቻቸው። ዞረው አዩኝ።

«ይኼ? ይኼ ልጅ ከክር በቀር ምንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ!»



«አልጠየቅኋቸውም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምኩት። «በራቸው ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። አፈርኩ።»

«አይ ልጄ» አሉ ኃላፊው። «ቆሜ እፈርምልህ ነበር እኮ። ግማሽ ክፍያውም ዘንድሮ ቀርቷል።»

እህቴ የምሳ ዕቃቸውን ከድና፣ በእጅጌዋ ጠርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቴ» አለች። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ።

ተራው የእኔ ሆነ። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለች። ምሳ ዕቃዬን አወጣች፤ ጠዋት ራሷ ነበረች የቋጠረችልኝ። ክዳኑን ከፈተች፣ ውስጡን አየች፣ መልሳ ከደነችው።

«እለፍ» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ።