ኮልቢ በደረቱ የወጣበት ቀን

ኮልቢ ራሱን ፍትሐዊ ባል አድርጎ ነው የሚያየው። ይህን እምነቱን ዐሥራ አራት ዓመት ትዳር እንኳ ሊያናውጥበት አልቻለም። በየዓመቱ የዕረፍታቸው ጊዜ ሲቃረብ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና «ግማሹ ቀን ለኔ ባሕር፣ ግማሹ ላንቺ ጉብኝት» ብሎ ይፈርዳል። ሚስቱ ማርጎ ደግሞ ዳኛውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው በሆነበት ችሎት ይግባኝ ለማን ይባላል ብላ ትስማማለች።

ችግሩ ያለው ግማሽ በተባለው ነገር ላይ ነው። የኮልቢ ግማሽ መቆጠር የሚጀምረው ሰሌዳው ላይ ቆሞ ከጋለባት የመጀመሪያ ማዕበል ነው። ከዚያ በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ፣ የቡና ኩባያ ታቅፎ፣ ከመሰሎቹ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃው ላይ አፍጥጦ «ነፋሱ ይዞራል»፣ «አይ፣ አይዞርም» መባባሉ አይቆጠርም። ያንን ጠባብ የላስቲክ ልብስ ለመልበስ የሚታገለው ትግልም አይቆጠርም። ከውሃ ከወጣ በኋላ እያንዳንዷን ማዕበል ከነባሕርይዋ የሚተርክበት ጊዜ ደግሞ ከማርጎ ግማሽ ላይ ነው የሚነሳው፤ መኪና ውስጥ፣ ወደ ጉብኝቷ እየሄዱ ነዋ የሚተርከው።

ማርጎ ማዕበል አትጋልብም። በጫጉላቸው ሰሞን አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ አስተኝቶ ገፍቷት ነበር፤ የባሕር ውሃ ምን ምን እንደሚል በሚገባ ቀምሳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልሞከረችውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ልቧ ያለው አሮጌ ነገር ላይ ነው። መንገድ ዳር የቆመ የታሪክ ጽሑፍ ካየች ሳታነብ አታልፍም። የተተወ የወርቅ ጉድጓድ፣ የጥንት ባቡር ጣቢያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣሪያ የለበሱ የእንጨት ድልድዮች ነፍሷ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ግን ከባሕሩ ርቆ፣ ወደ መሐል አገር ነው፤ ኮልቢ ደግሞ ከባሕሩ ዐሥር ኪሎ ሜትር ከራቀ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ የሚመርጥላት ታሪክ ሁሉ ውሃ ዳር የተፈጸመ መሆን ነበረበት። በአምስተኛ ዓመታቸው የስፔን መነኮሳት የሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ሊያሳያት ወሰዳት፤ ከግቢው ሆኖ ማዕበሉ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። መነኮሳቱ መቃብር ፊት ቆሞ አንገቱን ሲያሰግግ ያየው ሰው ሁሉ የሚጸልይ መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገለት።

ዘንድሮ ለዐሥር ቀን ጎረቤት ግዛት ኦሪገን ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ቀናት ማርጎ የጎበኘችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የአይብ ፋብሪካ ሲሆን፣ የሄዱትም ነፋሱ ባሕሩን አተራምሶ ለጋላቢ የማይሆን ስላደረገው ነው። ሁለተኛው ሙዚየም ሲሆን፣ ከተዘጋ በኋላ ስለደረሱ በመስኮት አየችው። የቀረውን ጊዜ አሸዋው ላይ በኮቷ ተጠቅልላ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጨረሰች። ኮልቢ ይህንንም ከጉብኝት ቆጠረላት።

ሰባተኛው ቀን ሐሙስ ነው። ከተከራዩአት ጎጆ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ለመርከቦች መንገድ ሲያሳይ የኖረ አሮጌ የመብራት ማማ አለ። ማማው የሚከፈተው በወር አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚገባውም ስድስት ሰው ብቻ ነው። አስጎብኚዋ ወይዘሮ ኢዳ ሉንድ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ናቸው። አባታቸው የማማው የመጨረሻ ጠባቂ ስለነበሩ እዚያው ተወልደው እዚያው አድገዋል። ማርጎ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትጻጻፋቸው ኖራለች። በመጨረሻው ደብዳቤያቸው ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ እንዳለና ይህ ሐሙስ የመጨረሻቸው እንደሆነ ጽፈው፣ ሁለት ቦታ እንደያዙላት አስታወቋት። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የባለቤቷ ነው።

ረቡዕ ማታ እራት ላይ ማርጎ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኮልቢ፣ በዚህ ዕረፍት ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ነገ አምስት ሰዓት ላይ እዚያ ማማ ውስጥ አጠገቤ እንድትቆም እፈልጋለሁ።»

«ምን ነካሽ፣ እመጣለሁ እንጂ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ባትመጣ አልጣላህም። ግን ከነገ በኋላ አልጠብቅህም።»

ኮልቢ ደንገጥ አለ። ማርጎ መዛት አታውቅም፤ የመዝገብ ቤት ሰው ናትና አንዴ የተናገረችው ነገር ቁጥር ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ደግሞም ይወዳታል። በዚህ ማንም ሊጠረጥረው አይገባም፤ ከውሃ በወጣ ቁጥር መጀመሪያ አሸዋው ላይ በዓይኑ የሚፈልገው የእሷን ኮት ነበር። እጇን ይዞ ደግሞ ማለላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሐሙስ ጠዋት ከሰሜን በኩል ትልቅ ማዕበል እንደሚገባ ስልኩ ላይ ካየ ግን ሦስት ቀን ሆኖታል።

ጎህ ሲቀድ ተነሣ። መስኮቱን ከፍቶ ሲያዳምጥ የባሕሩ ድምፅ ከወትሮው ወፈር ብሏል። ሁለት ሰዓት ገብቶ አራት ሰዓት ቢወጣ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርስ በልቶ እንኳ ጊዜ እንደሚተርፈው ለማርጎ አስረዳት። እሷ ሰማያዊ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው። ኮልቢ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ወስዶ ሰሌዳውን ተሸክሞ ወረደ።

በዚያ ባሕር ላይ ንጉሡ ዴል ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ጢሙ ጨው የጠጣ ሰውዬ ነው። ማዕበሉ መጀመሪያ ብድግ ከሚልበት ቦታ ላይ ሰሌዳው ላይ አንፈራጥጦ ይቀመጣል። እዚያ ቦታ የተቀመጠ ሰው መብቱ የተጠበቀ ነው፤ እሱ የፈለጋትን ማዕበል ሌላው አይነካትም። ዴል ስድስት ቀን ሙሉ ኮልቢን ያየው ከነበረ፣ ውሃ እንዳመጣው ቅጠል ነው ያየው። በዚያ ጠዋት ግን ኮልቢ አንዲት ረጅም ማዕበል ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋልቦ ሲመለስ፣ ዴል ራሱን ነቅነቅ አደረገለት። ኮልቢ ይህችን ነቅነቅታና የሠርጉን ቀን ቢያመዛዝን የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ እርግጠኛ አልነበረም።

ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ለመውጣት ወሰነ። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ጋላቢ ከባሕር የሚወጣበት ሕግ አለው፤ የመጨረሻዋን ማዕበል ቆሞ ጋልቦ ነው ወደ ዳር የሚደርሰው። በደረት ተኝቶ፣ በእጅ እየቀዘፉ መውጣት ከሠርግ ቤት በጓሮ በር እንደመሹለክ ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ጥሶ የታየ ግን ነገ ያንኑ ውሃ ቀና ብሎ አያይም። ስለዚህ ኮልቢ ፊቱን ወደ አድማሱ አዙሮ አንዲት ማዕበል ብቻ መጠበቅ ጀመረ።

ባሕሩ ወይ ፍንክች። የውሃው ልክ ከፍ እያለ ሲመጣ ማዕበሉ ስለተዋጠ፣ ጠዋት ሲያጓራ የነበረው ውሃ አሁን ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ሾርባ ረግቷል። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮልቢ ቁርሱን ሰረዘ። አራት ከሃያ ላይ ገላ መታጠቡን ሰረዘ። አራት ተኩል ሲሆን ካልሲ ማድረግ ግዴታ እንዳልሆነ ራሱን አሳመነ። በዚህ ሁሉ መሐል ወደ ዳር ለመቅዘፍ የሚፈጅበት አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ማርጎ በሰማያዊ ቀሚሷ አሸዋው ላይ ብቅ አለች። አልተጣራችም፤ እጇንም አላነሣች። የመንገድ ዳር ጽሑፍ እንደምታነብ ያህል ትንሽ ቆማ አየችውና፣ ዞር ብላ ወደ ማማው የሚያስኬደውን ዳገት ተያያዘችው።

«የምታውቃት ናት?» አለ ዴል። በሰባት ቀን ውስጥ ሲያናግረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሚስቴ ናት። አምስት ሰዓት ላይ ከጎኗ መሆን ነበረብኝ። አንዲት ማዕበል ብቻ ነው የምጠብቀው።»

«ጠብቅ፣ ትመጣለች። እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ አርባ አምስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን በደረቴ ወጥቼ አላውቅም።»

«ሚስትህ ምንም አትልህም?»

ዴል አድማሱን እያየ ትንሽ አሰበ። «የትኛዋ?»

ኮልቢ ፊቱን ከአድማሱ መለሰ። እዚያው ሰሌዳው ላይ በደረቱ ተደፋና፣ ሰባት ጋላቢ በትዝብት እያየው፣ እንደ ጀማሪ እየቀዘፈ ወደ ዳር ሄደ። ከኋላው አንዱ ሲያፏጭ ሰማ። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀውን ሰሌዳ አሸዋው ላይ ጥሎ፣ በባዶ እግሩ፣ ከነላስቲክ ልብሱ፣ ያንን ዳገት እያለከለከ ሮጠው። ጠጠሩ እግሩን ሲበላው እንኳ አልቆመም።

ማማው በር ላይ ሲደርስ አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ሆኗል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጁ ላይ ፖስት ካርድ የምትሸጠው ሴት ስድስቱም ሰዎች እንደገቡ ነገረችው። አንድ ቦታ ተርፎ ነበር፤ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ከዴንማርክ በቢስክሌት ለመጣ አንድ መንገደኛ ሰጠችው። መንገደኛው በጣም ጨዋ ሰው እንደሆነም ሳትጠየቅ ጨመረችለት።

ኮልቢ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ከላስቲክ ልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ ከሥሩ ኩሬ ሠራ። ከላይ፣ መብራቱ ካለበት የመስተዋት ክፍል፣ የወይዘሮ ኢዳ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የማርጎ ሳቅ ተከተለ። ከልቧ ነው የምትስቀው። እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ስንት ጊዜ እንደሆነው ሊያስታውስ ሞክሮ ተወው። ኮልቢ አፈረ፤ በዴል ፊት ያፈረው እፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ከቁጥርም የሚገባ አልነበረም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ማርጎ አሮጊቷን ክንዳቸውን ይዛ ወጣች፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል። ኮልቢ ብድግ አለና ያለውን ትልቁን ማስረጃ አቀረበ።

«ማርጎ፣ ስሚኝማ። በደረቴ ነው እኮ የወጣሁት። በሰው ፊት።»

ወይዘሮ ኢዳ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «ምስኪን። አመማቸው እንዴ?»

«አይ፣ ባለቤቴ ነው» አለች ማርጎ።

ቀጥላም እርጥብ ጸጉሩን ከግንባሩ ላይ መለስ አደረገችለት። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኮልቢን ያስፈራውም ይኸው ነው። የቀሩትን ሦስት ቀናት መኪናውን ይዛ ከወይዘሮ ኢዳ ጋር ድልድዮቹን ልታይ እንደምትሄድ ነገረችው። አሮጊቷ ደረጃ መውጣት ቢያቅታቸውም መኪና ውስጥ መቀመጥ አላቃታቸውም።

«አንተ ባሕርህን ያዝ» አለችው። «እስከፈለግህ ድረስ ቆይ። የሚጠብቅህ የለም።»

ኮልቢ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሊሰማ የተመኘው ይህንኑ ነበር። በመኪና ማቆሚያዎቹ ላይ ሌሎቹ ጋላቢዎች ሚስቶቻቸው እንዲህ አሉ ብለው ሲያወሩ በቅናት ያርር ነበር። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔም ብመጣስ?»

«ድልድዮቹ እኮ ከባሕሩ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፣ የኔ ጌታ። ትታመምብናለህ።»

ዓርብ ጠዋት ባሕሩ በዓመት አንዴ የሚገኝ ዓይነት ሆኖ አደረ። ነፋስ የለም፤ ማዕበሉ ተራውን እየጠበቀ፣ እየተከታተለ ይመጣል። ኮልቢ ማርጎን መኪናው ድረስ ሸኝቶ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ ገባ። አራት ሰዓት ሲሆን በልማዱ ወደ አሸዋው ዞር አለ። አሸዋው ባዶ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ዞረ፤ ስድስት ሰዓት ላይም ዞረ። ክንዶቹ ዝለው ቢርበውም የሚወጣበት ምክንያት አጣ። ለካ ማዕበሉ ያን ያህል ይጣፍጠው የነበረው ሰው እያስጠበቀ ስለሚጋልበው ኖሯል። 

ዴል ከወዲያ ሆኖ ሲያየው ቆየ። የትናንቱን በደረት መውጣት አላነሣበትም።

«ያቺ ሴት ዛሬ የለችም?» አለው።

«የለችም።»

«ነገስ?»

«ነገም አትመጣም።»

ዴል ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ አንድ ጎን ፈቀቅ አድርጎ፣ ማዕበሉ መጀመሪያ ብድግ ከሚልበት ቦታ ላይ፣ አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት።

«ና፣ እዚህ ጋ ቁጭ በል» አለው። «እኔንም የጀመረኝ እንዲህ ነው።»