ወደ ኋላ የሄደው ትኬት

ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ትኬት ቆርጣለች። ዋጋው ከተጨመረ ወዲህ እንደ ሰፈሯ ሰው ሁሉ ያለ ትኬት ነበር የምትሳፈረው፤ ዛሬ ግን እናቷ ኦፕራሲዮን የምትገባበት ቀን ነው። አሮጊቷ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው የምታውቀው እጁን ዳስሳ ነው፤ «የትልቋን ልጄን እጅ ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም» ብላ ሙጭጭ ብላለች። ተራዋ ካለፈ ደግሞ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ ሐኪሞቹም አያውቁም። ስለዚህ ዛሬ በተቆጣጣሪ መያዝ የሚባል ነገር የለም።

ባቡሩ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። እግሩን ያነሳ ማሳረፊያ ያጣል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጎኗን ደቁሷት «ይቅርታ እህቴ፣ ክርኔ ከኔ ቀድሞ ነው የተሳፈረው» አላት። በዚያ ጭንቀቷ ውስጥ እንኳ ሳቋ መጣ።

«ትኬት! ትኬት!» እያለ ሽማግሌው ተቆጣጣሪ ከፊት በኩል ሰዉን እየሰነጠቀ መጣ። የዚህ መስመር ሰዎች ለእሱ መላ አላቸው። በዚያ ግፊያ ዞሮ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ትኬቱን ያሳየ ሰው እጁን ወደ ኋላ ልኮ ለሌለው ያቀብላል፣ ያም አሳይቶ ለሚቀጥለው። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷም በዚሁ መላ ስንቴ ተርፋለች።

አሳየችው፤ አለፋት። ወዲያው ከጀርባዋ የሰው ጣት ነካ ነካ አደረጋት። ያ የለመደ እጇ ልቧን ሳያማክር አቀበለ።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሽማግሌውን ተከትሎ አንድ ጎረምሳ ተቆጣጣሪ ይመጣ ነበር።

«ትኬት፣ እህት።»

«አሁን ለአባባ አሳየሁ እኮ!»

«ለኔም አሳዪኛ። ወይስ በላሽው?»

አቀበልኩት ብትል ፉርጎው በሙሉ ሊፈተሽ ነው። ዞር አለችና «ወገኖቼ፣ እናቴ ሐኪም ቤት እየጠበቀችኝ ነው!» አለች። ቀና ያለ የለም። ወፍራሙ ሰውዬም ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አልፈረደችባቸውም፤ ሌላ ሰው እንዲህ ሲለምን እሷም ጫማዋን ስታይ ኖራለች።

ሐኪም ቤቱ አንድ ፌርማታ ሲቀረው ክንዷን ይዞ አወረዳት።

«እባክህ ወንድሜ፣ እናቴ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው!»

«እናት የሌለው ማን አለ?» አለና ከተያዙት ጋር ግድግዳው ሥር አቆማት። ባቡሩ ጥሏት ሄደ።

ስልኳ ጮኸ። ታናሽ እህቷ ናት።

«የት ደረስሽ? ሊወስዷት መጥተዋል፣ አልጋውን ጨምድዳ ይዛ እምቢ አለች!»

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ደርሳለች በያት። ድምፅሽን አታሰሚ፣ ዝም ብለሽ እጅሽን ስጫት» አለች።

ታናሿ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የእናቷ ድምፅ ከሩቅ መጣ።

«ይሄ እጅ የስፌት መርፌ ነክቶት አያውቅም። ልጄን አምጡልኝ።»