ከመዝጊያው በፊት የገባው ስም

ሐሰት ከሆነ ምላሱ ይቆረጥ! አባት እንዲህ ብሎ ምሎ ነው ወሬውን የጀመረው። ልጁ ፕሮግራመር ከሆነች ወዲህ ስለ ሥራዋ አንድም ቀን አማክራው አታውቅም፤ ዛሬ ግን የቸገራት ነገር እሱ ድሮ የፈታው ሆኖ ተገኘና ኮምፒውተሯን ይዛ ጎኑ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ እንደማይገኝ አውቋል።

«ጋዜጣችን ድረ ገጽ የከፈተ ሰሞን ነው» አለ። «የአንባቢ ደብዳቤ ስናስገባ ማሽኑ ራሱ እያንዳንዱን አንቀጽ በመክፈቻና በመዝጊያ የኮድ ምልክት፣ በታግ ያጥረዋል። የጸሐፊው ስም ግን ከአጥሩ ውጭ ይቀራል፤ ከቤት እንደተባረረ ሰው ከሥር ብቻውን ይቆማል። አዘጋጁ 'ስሙ እንደ ወረቀቱ ጋዜጣ ከመጨረሻው ቃል ጎን ካልሆነ ዓምዱን እዘጋዋለሁ' አለ። ሦስት መቶ ሠራተኛ ዓይን ዓይኔን ያያል!»

«አምና ስታወራው ሁለት መቶ ነበሩ፣ አባዬ።»

«ታዲያ አይዋለዱም? ብቻ በፒኤችፒ ቋንቋ ሰባት መስመር ኮድ ጻፍኩ። የመጨረሻውን መዝጊያ ታግ ፈልግ፣ ስሙን ከሱ በፊት አስገባ፤ አለቀ! በማግስቱ ስሙ ከቃሉ ጎን ቁጭ ብሏል። አዘጋጁ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።»

ያቺ የጋዜጣው ጠባብ ክፍል ፊቱ ላይ ድቅን አለች፤ የሚንጫጫው ማራገቢያ፣ ፊደሉ የተፋቀው ኪቦርድ፣ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጽሑፍ ታርም የነበረችው ቀጭን ልጅ። ያቺ ልጅ ዛሬ ሚስቱ ናት፤ ሶፋው ጥግ ካልሲ ታጣምራለች።

ሰባቱን መስመር ከአሮጌ ፍላሽ አውጥቶ ለልጁ ሰጣት። ሞከረችው። ደግማ ሞከረችው። ስሙ የትም የለም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ማሽኑ ታጉን ሳይጨምር በፊት ነው የሚሠራው። ገና ያልተጻፈ መዝጊያ ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ ዝም ብሎ ያልፋል።»

«ኮምፒውተርሽ ነው እንጂ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ስቶ አያውቅም!»

«በእጄ ነበር» አለች ሚስቱ፣ ቀና ሳትል።

«ምኑ?»

«ስሞቹ። ጠዋት ቀድሜህ እየገባሁ፣ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ፣ ከመጨረሻው ቃል አስከትዬ እጽፋቸው ነበር። አዘጋጁም ያውቃል፤ አላለቀሰምም። በመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ነበር። በጣም ደስ ብሎህ አየሁህና ተውኩት።»